በነጻ የሚሠሩ ሰዎች ስህተታቸው እንዴት ነው የሚነገራቸው?

ጀልባ ነጂው

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ መልስ ነው። እንግዶቼ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ለማየት ነው የሚመጡት። ዘንድሮ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ጀልባው ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ ስልኩን አያስቀምጥም። ካርታ ከፍቶ እኔን ይከታተላል። ባለፈው አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ «ወንድም፣ ካርታው መውረጃው እዚያ ጋ ነው ይላል፤ አንተ ወዴት ነው የምትወስደን?» አለችኝ። ያሳየችኝ ቦታ ደንገል ብቻ ነው። ጀልባ አይጠጋበትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። እሷ ግን እስክንወርድ ድረስ አላመነችኝም።

ማታ ያንን ካርታ ራሴ ስልኬ ላይ ጫንኩት። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ካርታ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለመክሰስ አልመጣሁም። ስከፍተው ይባስ ብሎ አዲሱ የዓባይ ድልድይ የለም! 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ፣ በየቀኑ የማየው፣ የለም። በጣም ተናደድኩ። ስህተት መጠቆሚያ ቦታ አገኘሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህ ካርታ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። ድልድዩ ከ2016 ጀምሮ አለ። የዘጌ መውረጃም የተሳሳተ ነው። እባካችሁ ሥራችሁን በአግባቡ ሥሩ።»

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው መለሰልኝ። አስተርጉሜ ሳየው «ድልድዩ ከ2016 ጀምሮ አለ ብለሃል። በ2018 የተነሣ የሳተላይት ምስል ላይ ግን ምንም የለም። የትኛውን ድልድይ ነው የምትለው?» ይላል። ውሸታም ያለኝ መሰለኝ። አልመለስኩለትም። ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ደግሜ ላክሁ። አሁን ሳይ አራቱንም ዘግተዋቸዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በነጻ የሚሠራ ሰው ስህተቱ ሲነገረው ይከፋዋል? ዝም ማለት ነው የሚሻለው? ወይስ አነጋገሬ ነው ያበላሸው? ሥርዓቱን የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀበሌ 14

ዝም እንዳትል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሰፈራችን ውስጥ መኪና የማያሳልፍ ቅያስ ካርታው ላይ እንደ ዋና መንገድ ተሥሏል። ጻፍኩላቸው፣ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። እኔም መልሱን እፈልገዋለሁ።

የሽምብጧ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። እኔ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ልጆቼ ሲተኙ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የጣናን ዳርቻ አስተካክላለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ያ ካርታ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። እስከ ዛሬ የሚሞላው እንደ እኔና እንደ አንተ ባለ ሰው ነው። አንተ የጻፍክበት የትኛው እንደሆነ አልጠይቅህም። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ 2016ን እንፍታ። ድልድዩ የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው፤ ልክ ነህ። ሰውየው ያነበበው ግን የራሱን 2016 ነው። የእኛ ግንቦት 2016 ለእነሱ ሜይ 2024 ነው። ስለዚህ አንተ ድልድዩ አለ ካልክበት ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ የተነሣ ምስል ከፍቶ ቢያይ ምንም አላገኘም። ወንዝ ብቻ ነው ያየው። ውሸታም አላለህም። ይልቅስ አምኖህ ነው ሄዶ የፈለገው። ምስል አገላብጦ፣ ዓመት አስተያይቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነገር አስተርጉሞ ነው የጠየቀህ። ከሥራ መልስ ያለችውን ማታውን ነው የሰጠህ።

ዓመት ስትጽፍ የእነሱን ጨምርበት። ሰዓትም እንደዚያው። አንተ ጠዋት 3 ሰዓት ስትል እነሱ 9 ነው የሚሉት። ለአማርኛ አንባቢ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። አንባቢህ ማን እንደሆነ ግን አስቀድመህ አታውቅም።

አሁን «ሥራችሁን በአግባቡ ሥሩ» ወዳልከው ልምጣ። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ስለሚያገባኝ ነው። ይሄ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። ደቦ ነው። እኔ ያደግኩት ገጠር ነው። አባቴ ለጤፍ አጨዳ ደቦ ሲጠራ ሰው በሌሊት ይመጣ ነበር። አንዱ አጫጅ ጥግ ላይ ያለችውን አልፏት ቢሄድ አባቴ «ምን ዓይነት አጨዳ ነው!» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ይሉኝታ ይዞት ዝም ሲልም አላየሁም፤ ጤፉ ይረግፍበታላ! «እዚያች ጥግ፣ ከድንጋዩ አጠገብ፣ ቀርታለች» ይላል። ቦታዋን በእጁ ያሳያል። ከዚያ ማጭዱን ይዞ እሱም ይወርዳል። ላንተ ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው። ስህተቱን መናገር አያስከፋም። እኔን የሚያስከፋኝ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይነገረኝ መሰደቤ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

እኔ ሴት ነኝ። ጣና ላይ ያለው የደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል፣ ሴት አይገባበትም። በጀልባ አጠገቡ አልፌያለሁ፤ ዛፎቹን አይቻለሁ። እግሬ ግን ረግጦት አያውቅም፣ አይረግጠውምም። ሥርዓቱ ነው፤ አከብረዋለሁ። ስለዚህ ክብራን ላይ የማስተካክለው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ዓይን የታየ ነው። መውረጃው፣ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ። ሰው የነገረኝን ነው የማስቀምጠው። ሌላ መንገድ የለኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው «ጀልባ የሚቆመው እዚህ አይደለም፤ በዚያኛው በኩል ነው» ብሎ ጻፈ። በጣም እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው። አመንኩትና ምልክቱን አነሣሁት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው መጣ። «የበፊቱ ነው ልክ፤ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወርጄበታለሁ» አለ። የመጀመሪያውን መልሼ ጠየቅኩት። ለካ ከጓደኛው ሰምቶ ነው። እሱ ራሱ ክብራን ሄዶ አያውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ሰው የተሳሳተ ቦታ ሲመራ የነበረው በእኔ እጅ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ስህተት የሚጠቁመኝን ሰው የማየው እንደ ምስክር ነው። ሽማግሌ ፊት የቆመ ምስክር ያየውን «አየሁ» ይላል። የሰማውን «ሰማሁ» ይላል። የመሰለውን «መሰለኝ» ይላል። እነዚህን ሦስቱን ከለየልኝ፣ ፊደሉ ቢዛባ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢደባለቅ ግድ የለኝም። «ካርታው ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው» ስትለኝ ግን ምስክርነቱን ዘለህ ፍርዱን ነገርከኝ። በዚያ ምን ላድርግበት? ካርታውን ሙሉ በሙሉ ልደምስሰው?

ጣና ላይ ደግሞ ወሩን ካልነገርከኝ ምስክርነትህ ጎዶሎ ነው። ይሄን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ማሳው ይገባል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሸሽቶ የነበረበት ቦታ ጭቃና ሣር ይሆናል። በግንቦት የመጣ ሰው «ዳርቻውን አበላሽታችሁታል» ይለኛል። በጥቅምት የመጣው ተቃራኒውን ይለኛል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወሩን ቢጽፉልኝ ኖሮ ሳይጣሉ ይታረቁ ነበር። እንቦጭም አለ። ከሰማይ በተነሣ ምስል እንቦጭ የሸፈነው ውኃ ለምለም መሬት ይመስላል። እዚያው ያለ ሰው «ይሄ ውኃ ነው፤ በታንኳ ሄጄበታለሁ» ካላለኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልለየው አልችልም።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ድልድዩንና ዘጌን አንድ ላይ አትጻፍ። ድልድዩን የሚያስተካክለው ሰው ዘጌን ላያውቀው ይችላል። አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ሲቀር ያንን ጥቆማ ማንም ሊዘጋው አይችልም፤ ከዘጋውም ዘጌ ተረስታ ትቀራለች። ምልክቱን ደግሞ በትክክል ቦታው ላይ ትከለው። ብዙ ሰው ከተማው መሃል ይተክለዋል። የጓደኞችህን ስምና ስልክ ቁጥር አትጻፍ፤ ለዓለም ሁሉ ይታያል። ከጉግል ካርታ አይተህም አትንገረን። ያ ባለቤት ያለው ሥራ ነው፤ ከእሱ መገልበጥ አይፈቀድልንም። ያንተ ዓይንና የስልክህ ጂፒኤስ ይበቃናል።

ለምን ተዘጋ ላልከው፣ እኔ እንደምገምተው፣ ጠይቀውህ ስላልመለስክ ነው። ምስክሩ ከጠፋ መዝገቡ ይዘጋል። አራት ጊዜ መላክህ አላገዘህም። አራቱንም አንድ ሰው እየከፈተ ማንበብ ነበረበት። አሁንም አልረፈደም። የመጀመሪያው ላይ ተመልሰህ መልስለት።

የቀበሌ 14ቱ ወንድሜም፣ ያንተን ሳይመልሱልህ የቀሩት ንቀው ላይሆን ይችላል። ባሕር ዳርን የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። የቅያሱን መግቢያ ፎቶ ጨምርና «ስፋቱ ለባጃጅ ብቻ ነው፤ እኔ በየቀኑ እገባበታለሁ» ብለህ እዚያው ላይ ጻፍበት።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

የሽምብጧ የጻፉት ላይ ትንሽ ልጨምር። እሳቸው የተናገሩት ስለ ካርታው መረጃ ነው። አፕ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጀልባ ነጂው ወንድማችን፣ ካርታው ስልክህ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? የሚሠራ ከሆነ የወረደ ካርታ ነው። ያ ማለት ከወረደበት ቀን በኋላ የተስተካከለውን አያሳይህም። ከመጻፍህ በፊት በብሮውዘር ድረ ገጹን ክፈትና እዚያ ላይ ድልድዩ መኖር አለመኖሩን እይ። እዚያ ካለ የሚያስፈልግህ ካርታውን ማደስ ብቻ ነው። እዚያም ከሌለ ያኔ ጻፍ። ድረ ገጹ ላይ ኖሮ፣ አድሰኸውም ስልክህ ላይ ካልታየ ደግሞ የአፑ ባግ፣ ማለትም የራሱ የአሠራር ስህተት፣ ነው። እሱ የሚነገረው ለአፑ ሠሪዎች ነው። እነሱም በጎ ፈቃደኞች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ለአፕ ሠሪ ስትጽፍ የስልክህን ዓይነት፣ የአንድሮይድህን ቁጥርና የአፑን ቁጥር ጨምር። ምን ነካህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን ሆነ። በቅደም ተከተል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሰው ያንኑ ጽፎት እንደሆነ ፈልግ።

እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ለአማርኛ ተጠቃሚ ሁሉ ይጠቅማል። አንድ ነጻ አፕ ላይ «ናርጋ ስላሴ» ብዬ ስፈልግ ምንም አያመጣም። ቦታው ካርታው ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ደቅ ደሴት ላይ ዓይኔ እያየው ነው። «የአማርኛ ፍለጋ አይሠራም» ብዬ ስክሪንሾት ላክሁ። ሠሪው አማርኛ አያነብም። «እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስን። በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠ። ካርታው ላይ የተጻፈው በንጉሡ ሥ፣ «ሥላሴ» ተብሎ ነው። እኔ የጻፍኩት በእሳቱ ስ ነው። እኛ ስናነበው አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሥ ቁጥሯ 1225 ነው፣ ስ ደግሞ 1235። ሠሪው ከካርታው ላይ ኮፒ አድርጎ ነበር የሚፈልገው፤ እሱ ጋ ለምን እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ። ዓባይና አባይ፣ ባሕርና ባህር፣ ጸሎትና ፀሎት እንደዚሁ ናቸው።

ስለዚህ ስክሪንሾት ብቻ አትላኩ። የጻፋችሁትን ቃል ራሱን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት። አማርኛ የማያነብ ሰው ከፎቶ ላይ ሥን ከስ ለይቶ ሊጽፍ አይችልም። ኮፒ ከሆነለት ግን ሳያነበውም ይመረምረዋል። እኔ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ለጥፌ «እነዚህ ለኛ አንድ ናቸው» ብዬ ስጽፍለት በማግሥቱ ገባው። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ብዬ ቢሆን ሦስቱ ቀን ይተርፉልን ነበር።

ጀልባ ነጂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብዬ ያላችሁትን አደረግኩ።

ድረ ገጹ ላይ ድልድዩ አለ። በሁለቱም አቅጣጫ፣ የእግረኛ መንገዱ ሳይቀር። እኔ ስልክ ላይ ያለው አፑንም ካርታውንም ከጓደኛዬ ስልክ በዜንደር የወሰድኩት ነው። የወረደበትን ቀን አየሁት። 2015 ነው፤ ድልድዩ ከመመረቁ በፊት። አደስኩት፣ መጣ።

ያንን ሰው ያለ ጥፋቱ ነው የተናገርኩት። የመጀመሪያው ጥቆማ ላይ ተመልሼ ጻፍኩለት። የዓመቱን ልዩነት ነገርኩት፣ የቆየ ካርታ ይዤ እንደነበርም ነገርኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር የተለየ መሆኑን አያውቅም ነበር። አመሰገነኝ። ስለ ዘጌው ለብቻው እንድጽፍለት ጠየቀኝ።

የዘጌው ግን ድረ ገጹም ላይ ስህተት ነው። አዲስ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦

«ዘጌ፣ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት የጀልባ መውረጃ። ያየሁት፦ ካርታው ላይ መውረጃ የተባለው ቦታ ደንገል ነው፤ ጀልባ አይጠጋበትም። ሰው የሚወርድበት ይህ ምልክት የተተከለበት ቦታ ነው። ምልክቱን የተከልኩት እዚያው ቆሜ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 2018 ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ በእናንተ ኖቬምበር 21 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 9፡30። የሰማሁት፦ ውኃው ሲሸሽ ትልልቅ ጀልባዎች ሌላ ቦታ ይጠጋሉ ይባላል። የእኔ ትንሽ ስለሆነች አላየሁትም። የመሰለኝ፦ ምልክቱን ያስቀመጠው ሰው ከሳተላይት ምስል አይቶ ይሆናል፤ ደንገሉ ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል። ጀልባ ስለምነዳ በየሳምንቱ እመጣለሁ። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ። ፎቶም ማንሣት እችላለሁ።»

በአማርኛ ልተወው ወይስ ላስተርጉመው?

የሽምብጧ

ላከው። አንድም ቃል አትቀንስ። ከቻልክ እንግሊዝኛውን ከሥሩ ጨምርበት፤ አማርኛውን ግን አታጥፋው። እንግሊዝኛው ቢሳሳት የምንመለስበት አማርኛው ነው። «የሰማሁት» ያልከውን ለይተህ በማስቀመጥህ ደስ አለኝ። በግንቦት ውኃው ሲሸሽ ያንን ቦታ ሂድና እይልን።

አሁን ደግሞ እኔ ላስቸግርህ። ክብራን እንግዳ ታደርሳለህ? ከመውረጃው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል ብለውኛል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላው ወደ መነኮሳቱ ማደሪያ ነው አሉኝ። የነገረኝ ሰው ሲከፈል አይቷል፤ ከመውረጃው ምን ያህል ርቆ እንደሆነ ግን አያስታውስም። ያለ ርቀቱ ላስገባው አልፈለግኩም። አንድ ዓመት ሆነው ወረቀቴ ላይ ከተቀመጠ።

ጀልባ ነጂው

ቅዳሜ ሦስት ወንዶች እንግዶች አሉኝ፤ ክብራን ነው የሚሄዱት። እኔ ብዙ ጊዜ ጀልባው ጋ ነው የምቀረው። ቅዳሜ ግን አብሬያቸው እወጣለሁ። ከውኃው ዳር ጀምሬ እርምጃዬን ቆጥሬ፣ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆሜ ጂፒኤሱን አነሣለሁ። የመነኮሳቱን ማደሪያ ፎቶ አላነሣም፤ መጠየቅ ካለበት አባቶችን እጠይቃለሁ። ማታ እጽፍልሻለሁ።